ያላለፈው ኃላፊ ጊዜ

ወንጀልን የሚተርኩ ፊልሞችና መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚቋጩት ወንጀለኛው በተያዘበት ወይም ዳኛው ፍርዱን ባሰማበት ሰዓት ነው። ተመልካቹ «እፎይ» ብሎ ከወንበሩ ይነሣል፤ አንባቢውም መጽሐፉን ይዘጋል። ይህ አጨራረስ ለስርቆት ታሪክ ይበቃ ይሆናል። በልጅነታቸው በኢንተርኔት አማካይነት ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች ታሪክ ግን አይበቃም። ለእነዚህ ሰዎች የፍርዱ ቀን የሌላ፣ እጅግ የረዘመና ተመልካች የሌለው ምዕራፍ መክፈቻ ነው። ስለዚህ ጉዳይ የተሠራ ማንኛውም የጥበብ ሥራ ሊመዘን የሚገባውም ያን ሁለተኛ ምዕራፍ ምን ያህል አይቶታል በሚል ጥያቄ ነው።

ለዚህ ምዘና ተስማሚ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 በቼክ ሪፑብሊክ ለሕዝብ የቀረበው «ቭ ሲቲ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ነው። ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «በመረብ ውስጥ» ማለት ሲሆን፣ በእንግሊዝኛው ዓለም የሚታወቀው «በመረብ የተያዙ» በሚል ርእስ ነው። አዘጋጆቹ ባርቦራ ኻሉፖቫና ቪት ክሉሳክ ይባላሉ። ፊልሙ በአገሩ ሲኒማ ቤቶች እጅግ ብዙ ተመልካች ካገኙት ዘጋቢ ፊልሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል፤ ለልጆች እንዲስማማ ተደርጎ የተዘጋጀ ሌላ ቅጂም ወጥቶለታል። ስለ ጉዳዩ ውይይት በተነሣ ቁጥር ስሙ ከሚጠራ ሥራዎች አንዱ ስለ ሆነ ብርታቱንም ጉድለቱንም መርምሮ ማየት ተገቢ ይሆናል።

ፊልሙ የሚያሳየው

የፊልሙ አሠራር ቀላልና አስደንጋጭ ነው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ መልካቸው ግን ከዕድሜያቸው በእጅጉ የሚያንስ 3 ተዋንያት ይመረጣሉ። በአንድ ስቱዲዮ ውስጥ 3 የልጅ መኝታ ክፍሎች ይሠሩላቸዋል። ተዋንያቱ በማኅበራዊ መገናኛ ድረ ገጾች ላይ የ12 ዓመት ልጆች ነን ብለው ይመዘገቡና ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ቀድመው ማንንም አያነጋግሩም፤ ለሚያነጋግራቸው ሁሉ ዕድሜያቸውን በግልጽ ይናገራሉ፤ ወሲብን የሚመለከት ወሬም አይጀምሩም። በ10 ቀን ውስጥ 2,458 ወንዶች አነጋገሯቸው።

ቁጥሩ ብቻውን ክስ ነው። ፊልሙ ግን በቁጥሩ አልተማመነም። ወንዶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ቀጥሎ ውዳሴ፣ ቀጥሎ «ይህን ለማንም አትንገሪ» የሚል ምሥጢር፣ ቀጥሎ የፎቶግራፍ ልመና፣ ልመናው ሲሳካ ደግሞ ማስፈራሪያ ይከተላል። ተመልካቹ ይህን ሲያይ ልጅ በዚህ መረብ የምትያዘው ሞኝ ወይም ባለጌ ስለ ሆነች እንዳልሆነ ይገባዋል። ከእርሷ በዕድሜ ሁለትና ሦስት እጅ የሚበልጥ፣ በዚሁ ሥራ የተካነ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ቀድሟታል። ይህን ማሳየት ትልቅ ውለታ ነው። ፊልሙን ያየ ወላጅ «እኔ ቤት አይደርስም» ለማለት ይከብደዋል።

አዘጋጆቹ የወሰዱት ጥንቃቄም ሊመሰገን ይገባል። በቀረጻው ቦታ የሥነ ልቡና፣ የሥነ ወሲብና የሕግ ባለሙያዎች ነበሩ። ለወንዶቹ የተላኩት ምስሎች የተዋንያቱ ገላ ያልሆኑ፣ በቅንብር የተሠሩ ነበሩ። ሆኖም ትልልቅ ሴቶች መሆናቸው፣ ባለሙያ በአጠገባቸው መቆሙ፣ ምስሉም የራሳቸው አለመሆኑ ተዋንያቱን ከመጎዳት አላዳናቸውም። በቀረጻው መካከል ሲከፋቸውና ሲታመሙ ይታያል። እዚህ ላይ አስተዋይ ተመልካች ራሱን መጠየቅ አለበት። ውሉን ፈርማ፣ ደመወዟን ተቀብላ፣ ሁሉም ትወና መሆኑን እያወቀች የገባች ሴት እንዲህ ከሆነች፣ በጨለማ ክፍል ብቻዋን ከስልኳ ጋር ያለች እውነተኛ የ12 ዓመት ልጅ ምን ትሆናለች?

ከሁሉ የሚገርመው የፊቶች አያያዝ ነው። ሕጉ ስለሚያስገድድ የወንዶቹ ፊት በፊልሙ ውስጥ ተሸፍኗል፤ የሚታየው ዐይናቸውና አፋቸው ብቻ ነው። ፊቱ ሳይሸፈን የቀረው ከተዋንያቱ አንዷን እንደ ሰው ያነጋገራት፣ ፎቶግራፍሽን ለማንም አትላኪ ብሎ የመከራት አንድ ወጣት ነው። እርሱን ስታነጋግር ተዋናይቱ ታለቅሳለች። ይህ የፊልሙ ድንቅ ሐሳብ ነው፤ መልካም ሰው ፊት አለው፣ አዳኙ ግን ፊት የለውም። ሐሳቡን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ላስኬደው ሰው ግን ሌላ መራራ እውነት ይገለጥለታል። በእውነተኛው ዓለም በየኮምፒውተሩ የሚዘዋወረው ያልተሸፈነ ፊት የልጅቱ ነው። የአጥፊውን ፊት ሕግ ይሸፍንለታል፤ የእርሷን ማንም ሊሸፍንላት አልቻለም። ፊልሙ እዚህ እውነት ደጃፍ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

ፊልሙ የማያሳየው

የፊልሙ እጅግ ጠንካራ ክፍል አዘጋጆቹ ብዙ ያልቆዩበት መግቢያው ነው። ለሚናው ለመወዳደር የመጡት ወጣት ሴቶች በካሜራ ፊት ተቀምጠው በልጅነታቸው በኢንተርኔት እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟቸው እንደሆነ ይጠየቃሉ። አብዛኞቹ አጋጥሞናል ይላሉ። እነዚህ ሴቶች የመጡት ሥራ ፍለጋ ነው እንጂ ምስክርነት ለመስጠት አልነበረም። ትዝታው ግን አብሯቸው መጥቷል። የሚናገሩት ስለ ልጅነታቸው ቢሆንም የሚናገሩት ሙሉ ሴቶች ሆነው ነው፤ በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ምን እንዳደረጓቸው ለመስማት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም ነበር።

ፊልሙ ግን አልጠየቃቸውም። «ምን አደረገሽ?» ብሎ ስለ አጥፊው ጠየቀ፤ «ከዚያስ በኋላ እንዴት ኖርሽ?» ብሎ ስለ እርሷ አልጠየቀም። ወዲያውኑ ወደ ወጥመዱ፣ ወደ ስቱዲዮውና ወደ አደኑ ይሮጣል። ታሪኩ እየጦዘ ሄዶ የሚያበቃውም በሙያው ከልጆች ጋር የሚሠራ፣ የፊልሙ ባልደረቦች ለይተው ያወቁት አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ነው። ካሜራው ሰውየውን ያፋጥጠዋል፤ ተመልካቹም ልቡ ይረካል። ከዚህም በኋላ የቼክ ፖሊስ በፊልሙ ቀረጻ ላይ ተመሥርቶ ምርመራ መጀመሩ ለአዘጋጆቹ ክብር ነው። ሆኖም የተመልካቹ እርካታና የተጎጂዋ ፈውስ ለየቅል ናቸው። አደን የሚያሳይ ፊልም ዐይኑ ሁልጊዜ አዳኙ ላይ ነው።

ከደጃፉ በኋላ ያለው ሕይወት ምን ይመስላል? በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ የሥነ ልቡናና የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች የሚገልጹት ሥዕል ብዙ መልክ አለው። አንዳንዷ ወዲያውኑ እንቅልፍ ታጣለች፣ ትቃዣለች፣ ከትምህርቷ ትስተጓጎላለች። ሌላዋ ለዓመታት ደኅና መስላ ትኖርና ስታገባ፣ ስትወልድ፣ ወይም የገዛ ልጇ እርሷ በተጎዳችበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ ቁስሉ ያመረቅዛል። ድብርት፣ የማያባራ ጭንቀት፣ የአሰቃቂው ትዝታ ሳይጠሩት መምጣት፣ ሰውን አለማመን፣ በመጠጥና በዕፅ መደበቅ፣ ራስን መጉዳትና ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከሚታዩት ምልክቶች መካከል ናቸው። እነዚህ በማንኛውም የልጅነት ጥቃት ላይ ሊታዩ ይችላሉ። በኢንተርኔት ለሚፈጸመው የተለዩ የሚመስሉ ግን ሁለት ናቸው።

አንደኛው ራስን መውቀስ ነው። በዚህ ዓይነቱ ጥቃት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ የላከችው፣ ካሜራውን የከፈተችው ራሷ ልጅቱ ናት። አጥፊው ይህን ያውቃል፤ «ማን ላኪ አለሽ?» የሚለው ቃል ዋና መሣሪያው ነው። ልጅቱ ካደገች በኋላም ይህ ድምፅ ከጆሮዋ አይጠፋም፤ እያደር የእርሱ መሆኑ ቀርቶ የራሷ ድምፅ ይመስላታል። ሁለተኛው የመታወቅ ፍርሃት ነው። መንገድ ላይ ትኩር ብሎ ያያት ሰው ሁሉ ምስሏን ያየ ይመስላታል። ፎቶግራፍ መነሣት ትፈራለች። የምርቃት ቀን፣ የሠርግ ቀን፣ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሳይቀር የፈተና ቀን ይሆንባታል።

ፊልሙ የዘለላቸው ሌሎችም አሉ፤ ወንዶች ልጆች። በወጥመዱ የተቀመጡት ሴቶች ብቻ በመሆናቸው ተመልካቹ አደጋው የሴት ልጅ ብቻ ነው ብሎ ሊወጣ ይችላል። ከ2022 ወዲህ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ደጋግሞ ያስጠነቀቀው ግን በምስል አስፈራርተው ገንዘብ የሚቀበሉ ወንጀለኞች በብዛት የሚያጠምዱት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆችን መሆኑን ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ ጉዳቱን የሚናገርበት አፍ የለውም።

አንድ የፍርድ ቤት ጽሑፍ ያየው

ፊልሙ ያላየውን ሁለተኛ ምዕራፍ ያየው ጽሑፍ የጥበብ ሥራ ተብሎ የማይቆጠር፣ ደረቅ የሕግ ሰነድ ነው። ይኸውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 23 ቀን 2014 «ፓሮሊን እና ዩናይትድ ስቴትስ» በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ባለጉዳይዋ «ኤሚ» በሚል የተውሶ ስም ትጠራለች። የ8 እና የ9 ዓመት ልጅ ሳለች አጎቷ ጥቃት ፈጸመባት፤ ድርጊቱንም በምስል ቀረጸው። አጎቷ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ታሰረ። ልጅቱም የሥነ ልቡና ሕክምና አገኘች። ሕክምናዋ ሲያበቃ ሐኪሟ ወደ ወትሮ ጤንነቷ መመለሷን በማስታወሻዋ ጻፈች።

አንድ ተራ ፊልም ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ውሳኔው ግን ይቀጥላል። በአፍላ ዕድሜዋ ጤንነቷ እንደ ገና ማሽቆልቆል ጀመረ፤ 17 ዓመት ሲሆናት ደግሞ ምስሎቿ በኢንተርኔት በሰፊው እንደሚዘዋወሩ ሰማች። አጎቷ እስር ቤት ነው፤ ጥቃቱ ግን በማታውቃቸው ሰዎች እጅ ቀጥሏል። በአሜሪካ ሕግ የተጎጂዋ ምስል በአዲስ የወንጀል ጉዳይ ውስጥ በተገኘ ቁጥር እርሷ የማወቅ መብት አላት። መብቱ የተሰጣት ለክብሯ ነው፤ ሆኖም እያንዳንዱ ማስታወቂያ «ዛሬም አንድ ሰው አየሽ» የሚል መርዶ ነው። ማወቅም ሕመም፣ አለማወቅም ሥጋት በሆነበት በዚህ ምርጫ መካከል መኖር ምን ማለት እንደ ሆነ የትኛውም የፊልም ትዕይንት በዚህ ግልጽነት አላሳየም።

ሙግቱ የካሣ ነበር። ተከሳሹ በእጁ ከ150 እስከ 300 የሚደርሱ የሕፃናት ጥቃት ምስሎች ተገኝተውበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 2ቱ የኤሚ ነበሩ። ኤሚን አይቷት አያውቅም፤ እርሷም ስሙን የሰማችው ከክሱ ነው። ጠበቆቿ የጠየቁት ጠቅላላ ኪሣራዋን ነው፤ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ከዚህም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋው ሠርታ ልታገኝ ትችል የነበረው ገቢ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚያህለው ደግሞ ለወደፊት ሕክምናዋ የሚውል። ጥያቄው ይህ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በጋራ ያቆሰሉትን ነፍስ አንዱ ምን ያህሉን ይክፈል? ዳኞቹ 5 ለ 4 ተከፈሉ። አብላጫው ተከሳሹ ከድርሻው ጋር የሚመጣጠን ይክፈል አለ። ከተቃወሙት መካከል ዳኛ ሶቶማዮር ሙሉውን መክፈል አለበት ሲሉ፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮበርትስና ሁለት ባልደረቦቻቸው በበኩላቸው ሕጉ እንደ ተጻፈ ድርሻውን ለመስፈር የሚያስችል መንገድ የለውም አሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ ለሐያሲ ትልቁ ቁም ነገር ሁሉም ወገኖች የተስማሙበት ነው። ምስሉን ማየት ብቻውን ጥቃቱን መድገም መሆኑን የካደ የለም። እ.ኤ.አ. በ1982፣ ኢንተርኔት ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ይኸው ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ እንዲህ ያለ ምስል የጥቃቱ ቋሚ መዝገብ መሆኑንና ጉዳቱም በሥርጭቱ እንደሚባባስ ገልጾ ነበር። ከ2014ቱ ውሳኔ በኋላም የአገሪቱ ምክር ቤት በ2018 በኤሚ፣ በቪኪና በአንዲ የተውሶ ስሞች የተሰየመ ሕግ አወጣ። ሕጉ ማንኛውም ጥፋተኛ ለተጎጂ ቢያንስ 3,000 ዶላር እንዲከፍል፣ ተጎጂዋ ብትመርጥ ደግሞ ከተቋቋመ ፈንድ አንድ ጊዜ 35,000 ዶላር እንድታገኝ ደነገገ። ገንዘቡ ከሕክምናው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሕጉ ግን አንድ ነገር አምኗል፤ ጉዳቱ በፍርዱ ቀን እንደማያበቃ።

የኤሚ ታሪክ የአንዲት ሴት ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላ ሰነድም አለ። የካናዳ የሕፃናት ጥበቃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በልጅነታቸው የተፈጸመባቸው ጥቃት በምስል የተቀረጸባቸው 150 ሰዎች ለጥያቄዎች መልስ ሰጥተዋል። ከእነዚህ 70 በመቶ የሚጠጉት ምስሉን ያየ ሰው ያውቀኛል በሚል ፍርሃት እንደሚኖሩ ተናግረዋል። ፍርሃቱ ባዶ ቅዠት አይደለም፤ 30ዎቹ ምስላቸውን ባየ ሰው በእርግጥ ተለይተው ታውቀዋል። 67 በመቶው ደግሞ የምስሉ መዘዋወር ከጥቃቱ ከራሱ በተለየ መንገድ እንደሚጎዳቸው፣ ምክንያቱም መጨረሻ እንደሌለው ገልጸዋል።

ግሡና ስሙ

የአማርኛ ሰዋስው ይህን ሁኔታ ለመግለጽ የሚሆን ሀብት አለው። «ደረሰባት» ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ድርጊቱ ተፈጽሟል፣ አልቋል። «ደርሶባት ነበር» የሩቅ ኃላፊ ነው፤ ነገሩ ርቋል፣ ሌላ ነገር ተተክቶበታል። «ደርሶባታል» ግን የቅርብ ኃላፊ ይባላል፤ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም አሻራው እስከ አሁን አለ። የቼኩ ፊልም የሚተርከው በኃላፊ ጊዜ ነው። ቤተሰብና ጎረቤት የሚመርጠው የሩቁን ነው፤ «ደርሶባት ነበር፤ አሁን እኮ ረስታዋለች» ይላል። የተጎጂዎቹ ኑሮ ያለው በሦስተኛው ውስጥ ነው።

ግሡ እንዲህ ሲረዳ ስሞቹ ግን ያስቸግራሉ። «ሰለባ» የሚለው ቃል በጋዜጣው ሁሉ ተለምዷል፤ «የወሲብ ጥቃት ሰለባ» ይባላል። ቃሉ «ሰለበ» ከሚለው ግሥ የመጣ፣ በጦርነት ከወደቀ ሰው ገላ ተቆርጦ የሚወሰድን ነገር የሚያመለክት ነበር። በሕይወት ያለችን፣ ልትድን የምትችልን ልጅ በድል አድራጊው ምርኮ ስም መጥራት ታሪኩን ከአጥፊው ወገን ሆኖ መናገር ነው። «ክብሯን አጣች» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ክብሩን ያጣው ማን ሆነና? ምስሉንም «የሕፃናት የወሲብ ፊልም» ብሎ መጥራት ሕፃኑን ተዋናይ፣ ወንጀሉንም መዝናኛ ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሉክሰምበርግ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የቃላት መመሪያ ይህን የመሰለው አጠራር እንዲቀርና ምስሉ የጥቃት ምስል ተብሎ እንዲጠራ የመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛም «በሕፃን ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ምስል» ቢባል ይረዝማል እንጂ አይዋሽም።

የሕጉ ቋንቋም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2004 የታወጀው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ወሲባዊ ጥቃቶችን ያሰፈረው መልካም ጠባይንና ቤተሰብን በሚመለከተው ክፍል ሥር ነው። በ2016 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 12 እንዲህ ያሉ ምስሎችን ማዘጋጀትን፣ ማሠራጨትንና መያዝን፣ ሕፃንን በኮምፒውተር አማካይነት ማማለልንም በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ጥቃቱ በጸያፍነትና በመልካም ጠባይ ሚዛን እስከ ተሰፈረ ድረስ የተጎዳው የማኅበረሰቡ ጨዋነት ይመስላል። የተጎዳችው ግን ልጅቱ ናት።

ስለ ቃል ከተነሣ «ድፍረት»ን ማለፍ አይቻልም። አማርኛ መደፈርንና ጀግንነትን ከአንድ ሥር ያወጣል፤ የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የ2014 ፊልምም ይህን ሁለትዮሽ ርእሱ አድርጎታል። «ድፍረት» ስለ ጠለፋ እንጂ ስለ ኢንተርኔት አይናገርም፤ ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ከፊልሙ ውጭ የሆነው ነው። በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘው ይህ ፊልም በዚያው ዓመት መስከረም በአዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተተረከ ብላ ነበር። በፊልሙ ላይ ያለው የጥበብ ፍርድ ምንም ይሁን ምን፣ ጥያቄው ለዚህ ዘርፍ ሁሉ መመሪያ መሆን ይገባዋል። ምስሏ ያለ ፈቃዷ ለተወሰደባት ሰው ታሪኳም ያለ ፈቃዷ ሲወሰድ፣ ዓላማው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ቁስሉ ያው ቁስል ነው።

በዚህ ቀጠና

የቼኩ ፊልም የምሥራቅ አፍሪካን ተመልካች በአንድ ነገር ሊያሳስተው ይችላል። በፊልሙ ውስጥ አጥፊው ሁልጊዜ ባዕድ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የምርምር ማዕከል፣ ኤክፓትና ኢንተርፖል በ13 አገሮች ያካሄዱትና ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን ያካተተው፣ ከ2021 ጀምሮ የታተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አጥፊው ብዙ ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ልጆቹም የደረሰባቸውን ለፖሊስ ወይም ለእርዳታ ስልክ የሚናገሩት በጣም ጥቂቶች ናቸው፤ የሚናገሩ ቢኖሩ ለጓደኛ ነው፣ ብዙዎች ለማንም አይናገሩም።

ለምን አይናገሩም? አንዱ መልስ «ገመና» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። ገመናን መሸፈን በባህሉ ጨዋነት ነው፤ የተጎዳን ሰው ከሐሜት ለመጠበቅም ያገለግላል። በዚህ ጉዳይ ግን መጋረጃው የሚጋርደው ሌላ ሰው ነው። የልጅቱ ምስል አንዴ ወጥቷል፤ የቤተሰቡ ዝምታ እርሱን አይመልሰውም። ዝምታው የሚሸፍነው የአጥፊውን ፊት ነው፤ ልክ በፊልሙ ውስጥ እንዳለው። ሌላው መልስ ስልኩ ነው። አባት ወይም እናት ለሥራ በራቁበት ቤት ስልክ የወላጅ ድምፅ የሚሰማበት ብቸኛ መስመር ነው። «ብናገር ስልኬን ይነጥቁኛል» ብሎ የሚያስብ ልጅ አይናገርም። ልጁን ለመጠበቅ ታስቦ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ልጁን የሚቀጣ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ ሲባል ታሪኩ የጨለማ ብቻ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። ጥቃት የደረሰበት ልጅ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይሠቃያል ብሎ መደምደም ሌላ ዓይነት ፍርድ መስጠት ነው። ባለሙያዎች አጥብቀው የሚናገሩት ልጁ መጀመሪያ የነገረው ሰው የሰጠው ምላሽ ለፈውሱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ነው። «አምንሃለሁ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» የሚል ሰው ያገኘ ልጅ መንገዱ ይቀልለታል። በአሰቃቂ ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ብዙዎችን ረድቷል። ምስሎችን እንደ ጣት አሻራ በሚለይ ቀመር ፈልጎ የሚያስወግድ ቴክኖሎጂ ከ2009 ጀምሮ አለ፤ የካናዳው ማዕከል በ2017 የጀመረው «አራክኒድ» የተባለው ሥርዓትም ኢንተርኔትን እያሰሰ እንዲህ ያሉ ምስሎች እንዲነሡ ማሳሰቢያ ይልካል። ለተጎጂዋ አንድ ምስል መነሣቱ ከመድኃኒቱ እኩል ነው። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በ2018 «ፊኒክስ 11» ብለው በኅብረት የተሰየሙ 11 ተጎጂዎች ስማቸውንና ፊታቸውን ሳያሳዩ ለመንግሥታትና ለኩባንያዎች በአንድ ድምፅ ይናገራሉ። ፊታቸውን የሸፈኑት ራሳቸው ናቸው፤ ፈቃዱም የእነርሱ ነው።

ስለዚህ «በመረብ የተያዙ» መታየት ያለበት ፊልም ነው። ወላጅ ልጁን ከመውቀሱ በፊት ቢያየው፣ መምህር ለክፍሉ የልጆቹን ቅጂ ቢያሳይ ይጠቅማል። ሆኖም የሚታየው እንደ ሙሉ ታሪክ ሳይሆን እንደ ግማሽ ታሪክ ይሁን። ሌላውን ግማሽ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በተቀመጠ የፍርድ ሰነድ፣ በ150 ሰዎች የመጠይቅ መልስና ባልተሸፈነ ቃል መፈለግ ግድ ሆኗል። በአማርኛም ሆነ በአካባቢው ቋንቋዎች ይህን ጉዳይ ለመተረክ የሚነሣ ደራሲ ወይም የፊልም አዘጋጅ ቢኖር ወጥመድ መሥራት አያስፈልገውም። በተዋንያት ምርጫው ክፍል ተቀምጠው የነበሩትን ትልልቅ ሴቶች የሚመስሉ በየከተማው አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ካልፈቀዱ ትቶ፣ ከፈቀዱ ደግሞ ፊልሙ የዘለለውን ጥያቄ ይጠይቃቸው፤ «ከዚያስ በኋላ እንዴት ኖርሽ?»